ጠጋኙና የጉድጓዱ መዘውር

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ጠጋኙ» በሚለው ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ካለ መታወቂያው ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ራዲዮ፣ ቴፕ፣ የልብስ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በፎቶ ቤትና በጫማ አዳሽ መካከል የተሰነቀረች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሁለተኛውም ጠፋ። ሰዉ የሚሰማውን በስልኩ ይሰማል፤ ስልኩ ሲበላሽ ሌላ ይገዛል እንጂ አያስጠግንም። ጠጋኙ በር በሩን ሲያይ ይውልና አንድ ብሎን ሳይፈታ ደክሞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥራ ፈትቶ መዋል ከሥራ ይልቅ እንደሚያደክም የገባው በስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው።

ቤቱ ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት አለፍ ብሎ ነው። ከሚስቱ አባት የቀረላቸው አነስ ያለ እርሻ ነው፤ ሦስት ላም፣ ሁለት ጥጃ፣ አሥራ አምስት በግና አሥራ አራት ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ አለው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ወፋፍራም እንጨቶች ቆመዋል፤ በመካከላቸው የብረት መዘውር ተንጠልጥሏል። ገመዱ በመዘውሩ ላይ እየተሳበ ባልዲውን ያወርዳል፣ ያወጣል። መዘውሩም ሲዞር ይጮሃል። ጩኸቱ የዋዛ አይደለም፤ ጥርስ የሚያሳክክ፣ ሦስት ግቢ ተሻግሮ የሚሰማ ሲጥታ ነው።

ሚስቱ በተጋቡ በሁለተኛው ሳምንት፣ ይቺን ነገር ትንሽ ግራሶ ቀባልኝ ብላው ነበር። እሺ፣ ነገ አላት። ነገም ሌላ ነገ ነበረው። የአገሩን ራዲዮ ሁሉ ሲያናግር የኖረ ሰው የገዛ ግቢውን መዘውር ዝም ለማሰኘት ጊዜ አጣ። እሷም መጀመሪያ ለመነችው፣ ቀጥሎ ነዘነዘችው፣ ከዚያ ለጎረቤት እያወራች ሳቀችበት፣ በመጨረሻም ተወችው። ሚስት መነዝነዟን ስትተው ነው መፍራት፤ እሱ ግን አልፈራም። ጠዋት ጠዋት ሲጥታው ሲጀምር ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮው ስቦ ይገላበጥ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዝናብ መውጫ ላይ የሚስቱ ቀኝ ትከሻ አልታዘዝም አለ። መጀመሪያ ፀጉሯን ማበጠር አቃታት፤ ቀጥሎ ከመደርደሪያ ላይ ሳህን ማውረድ። ሐኪም ቤት ወሰዳት። ወጣቱ ሐኪም ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ በቀን ስንት ባልዲ ውሃ እንደምትስብ ጠየቃት። አርባ አለችው፤ ለከብቱም ለቤቱም። ስንት ዓመት? ሃያ ዘጠኝ። ሐኪሙ በልቡ ሊያሰላው ሞከረና ተወው። ከእንግዲህ ገመድ ከሳብሽ ይህ ክንድ ማንኪያም አያነሳልሽም አላት። ጠጋኙ አጠገቧ ተቀምጦ የገዛ ጉልበቱን ያይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዱን የሚስበው እሱ ሆነ። አርባ ባልዲ ምን ማለት እንደሆነ በመጀመሪያው ጠዋት፣ አሥራ አንደኛው ባልዲ ላይ ገባው። ሃያኛው ላይ በመቁጠሩ አፈረ፤ ሠላሳኛው ላይ ማፈሩንም ተወው። በሁለተኛው ሳምንት ለሰላምታ ጎንበስ ብሎ ሳይቃና እንደቀረ ሰው ሆነ። ቀድሞም ወገቡ ደህና አልነበረም። ሚስቱ በመስኮት ታየዋለች፤ እሱም እንደምታየው ስለሚያውቅ ቀና ለማለት ይሞክራል፤ አይሆንለትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጀርባውን በሞቀ ውሃ ጨርቅ እየተኮሰችው፣ «ላሞቹን ወንድሜ ይውሰዳቸው» አለች።

ጠጋኙ ላሞቹ ለእሷ ምን እንደሆኑ ያውቃል። አንድ ልጃቸው ነርስ ሆና ሩቅ ከተማ ከሄደች ወዲህ ሚስቱ የልቧን የምታወራው ለእነሱ ነው። ግራጫዋ ዳለቻ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ፤ ሦስተኛዋን ደግሞ ስትራመድ መሬቱን ስለምትንቅ ወይዘሮ ትላታለች። ባሏ ላይ የምትናደደውን ሁሉ ለወይዘሮ ነው የምትነግራት፤ ወይዘሮም እያመነዠከች ትሰማለች። ላሞቹ ከሄዱ ያ ቤት ምን ያህል ዝም እንደሚል ሲያስበው ከወገቡ ይልቅ ያ ዝምታ አመመው።

«ያለ ላም ምን ልታደርጊ ነው?» አላት።

«የአንተን ወገብ ሰብሬ ላም አላረባም» አለች፤ ጨርቁንም ጨመቀችው።

ያኔ ነው፣ ጊዜ ስጪኝ፣ ውሃውን ፀሐይ ታውጣልሽ ያላት። እንዴት እንደሚሆን ገና አላሰበበትም ነበር። አፉ ቀደመው።

የሚስቱ ወንድም የከብት ነጋዴ ነው፤ የራሱ አይሱዙ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልዱ ብቻ ጥርስ አለው። ነገሩን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷን የማላይ ማለት እኮ ይሄ ነው» አለው። ቢሆንም ሦስት ወር ሊጠብቅ ተስማማ። ሚስቱም ቁርጡን ተናገረች፦ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ቅዳሜ ወንድሟ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ በዚያ ቀን የማንም ክንድ ገመድ ሳይነካ ሦስቱ ላሞች ጠጥተው ሲጠግቡ ካየች ይቀራሉ፤ ካላየች ይጫናሉ። እሷ ደግሞ ያለችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም።

ጠጋኙ ከአሮጌ ብረት ተራ ጀመረ። ከፈረሰ የስልክ ማማ የወረዱ፣ መስተዋታቸው የተሰነጠቀ ሁለት ሶላሮች አገኘ፤ ለሻጩ የተቃጠለ የድምፅ ማጉያውን ሠርቶለት በልዋጭ ወሰዳቸው። መሰንጠቃቸው ፀሐይ መብላታቸውን አይከለክልም፤ ኃይላቸው ትንሽ ያንሳል እንጂ ይሠራሉ። ፓምፗ የክንድ ውፍረት ያላት፣ ውሃ ውስጥ ገብታ የምትገፋ፣ አንድ ሆቴል ፏፏቴውን ሲያፈርስ የጣላት ነበረች። ሞተሯ ተቃጥሏል። ሽቦውን ፈትቶ እንደገና ሲጠመጥም አሥራ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቦ። የሶላሩን ማቆሚያ ከአሮጌ የአልጋ ብረት በየደው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአርባው ባልዲ በኋላ ነው። ብሎን ሲወድቅበት ጎንበስ ብሎ ማንሳቱ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነበት፤ አንዳንዴም መሬት ላይ ያያትና ትቆይ ብሎ ይተዋታል።

ከሁሉ የከፋው ግን የራሱ ዕውቀት ያመጣበት ጣጣ ነው። የራዲዮ ሰው ነዋ። ለራዲዮ ሰው ኃይል ማለት ድንጋይ ነው፤ ባትሪ ነው። ከብቶቹ የሚጠጡት ጠዋት ነው፤ ፀሐይ የምትበረታው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ስለዚህ የቀኑ ብርሃን በባትሪ ተይዞ ማደር አለበት ብሎ ደመደመ። ታክሲዎች የጣሏቸውን ሁለት ባትሪዎች አመጣ፣ አጠበ፣ አሲድ ሞላ። ማታ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ሲያስነካቸው ሙሉ ናቸው። ጠዋት ማብሪያውን ሲጫን ፓምፗ ከጉድጓዱ ሥር አንዴ አጉረምርማ ዝም ትላለች። ሽቦውን ቀየረ፤ ያው ነው። ሌላ አሮጌ ባትሪ አመጣ፤ እሱም ኃይሉን ይዞ አላደረም። አምስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። በየጠዋቱ ማብሪያውን ይጫናል፣ ትንሽ ቆሞ ያዳምጣል፣ ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ወደ ገመዱ ይሄዳል። የሚስቱ ወንድም ከመንገድ እየደወለ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይለዋል። ጠጋኙ ስልኩን ለሚስቱ ያቀብላታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ በግራ እጇ ሻይ ይዛለት ወጣች። ጠጋኙ ከባትሪዎቹ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ፣ ፒንሳ በእጁ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀሰቀሰችውና አጠገቡ ተቀመጠች። እነዚህ ጥቁር ሳጥኖች ምን እንደሚሠሩ ጠየቀችው። እሱም በትዕግሥት አስረዳት፤ ፀሐይዋ ቀን እንደምትመጣ፣ ላሞቹ ጠዋት እንደሚጠጡ፣ ብርሃኑ ማደር እንዳለበት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ታዲያ ብርሃኑን ከምታሳድረው» አለች፣ «ውሃውን አታሳድረውም?»

ጠጋኙ ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሳሳድር የኖርኩት ውሃ ነው» አለች። «በርሜል ይሞላል፣ ይከደናል፣ ጠዋት አለ። የእኔ በርሜል አንድ ቀን አጉረምርሞብኝ አያውቅም።»

አርባ ዓመት የተማረው ሁሉ ባንድ አፍታ ቀለለበት። ሳቅ ሳቅ አለው፤ ከሳቅ ይልቅ ግን ልቅሶ ይቀርበው ነበር፤ አምስት ሳምንት ሙሉ በከንቱ። ያን ዕለት ባትሪዎቹን አውጥቶ ከአጥር ጥግ ቆለላቸው። የሶላሩን ሽቦ በቀጥታ ከፓምፗ ጋር አገናኘ። ፀሐይ ስትወጣ ትሠራለች፣ ደመና ሲያልፍ ታርፋለች፤ ማንም አያዛትም። በድንጋይ መደብ ላይ ሁለት በርሜሎች ሰቀለ። ከበርሜሎቹ ወደ ከብቶቹ መጠጫ ገንዳ በሚወርደው ቧንቧ አፍ ላይ ደግሞ፣ በሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትንሳፈፈዋን ኳስ ገጠመ፤ ከብቶቹ ሲጠጡ ኳሷ ዝቅ ብላ ውሃውን ትለቃለች፣ ገንዳው ሲሞላ ከፍ ብላ ትዘጋለች። ሲነገር አጭር ነው። መደቡን ለመገንባት ድንጋዩን አንድ በአንድ ሲያንከባልል ግን ከነበረው ወገብ የተረፈውን ጨረሰ። በርሜሎቹም አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን በሌላው ያፈሱ ነበር።

የመጨረሻው ቀዳዳ የተደፈነው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። በዚያ ጠዋት የመጨረሻውን አርባ ባልዲ ስቧል። በርሜሎቹ መሙላት ጀመሩ፤ ውሃው ከሥር ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ የለም፤ ቧንቧው ላይ እጅ ካልጫኑ መሄዱም አይታወቅም። ጠጋኙ የኳሷን ማጠፊያ ግራሶ ቀብቶ ሲጨርስ በጣቱ ላይ ጥቂት ተረፈው። ሊጠርገው ጨርቅ ሲፈልግ ዓይኑ ወደ ላይ ሄደና መዘውሩ ላይ አረፈ።

አፈረ። ከእንግዲህ ማን ሊስበው ነው ብሎ ራሱን ሊሸነግል ሞክሮ ነበር፤ ቃል ግን ቃል ነው። መሰላል አቁሞ አወረደው፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ዝገት በካቻቢቴ ፋቀ፣ በነጭ ጋዝ አጠበ፣ ግራሶውን እስከ ሆዱ ድረስ ሞላለትና መልሶ ሰቀለው። ገመዱን ሳብ አደረገው። ምንም። እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ለሚስቱ አልነገራትም፤ ራሷ ታየዋለች ብሎ ዝም አለ። ያን ማታ ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት ተኛ።

ቅዳሜ አይሱዙው በጠዋት መጣ። ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ውሃው ጥርት ብሎ ሰማዩን ያሳያል። ከብቶቹ እንደ ወትሮው ከማሳው ጫፍ ተለቀው ይግጣሉ። ሦስቱም ሰዎች በግድግዳው ጥላ ተቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ። በጎቹ መጡ፤ ጠጡ፤ ሄዱ። በግ ምን ያውቃል። ላሞቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

ሚስቱ በስም በስማቸው ጠራቻቸው። ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ወንድሟ በትር ይዞ ሄደና እየነዳ አመጣቸው። ዳለቻ ገንዳውን አሸተተች፣ ወደ ጉድጓዱ አፍ ዞራ ቆም ብላ አየች፣ የሚመጣ ነገር እንደምትጠብቅ ሆነች፤ ሳይመጣ ሲቀር ፊቷን አዙራ ሄደች። ቦራ ተከተለቻት። ወይዘሮማ ገንዳው አጠገብም አልደረሰች። ጠጋኙ ኳሷን ፈተሸ፣ ውሃውን በእፍኙ ቀምሶ ተፋ፣ እንደገና ቀመሰ። ውሃ ነው። ሌላ ምን ይሁን? ሁለተኛም ነዷቸው፤ ሁለተኛም ተመለሱ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጥላው አነሰ፤ እነሱም እግራቸውን ሰበሰቡ። ማንም ማንንም አላየም። በመጨረሻ ወንድሟ በረዥሙ ተነፈሰና ሄዶ የመኪናውን የኋላ መዝጊያ አወረደ። በዚህ ጊዜ አልቀለደም። ጠጋኙ ከዚህ ሁሉ ቀልዱን በመረጠ ነበር።

ሚስቱ ተነሥታ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ከመሄዳቸው በፊት በእጄ አንድ ባልዲ ላጠጣቸው ብላ ይሆናል። በግራ እጇ ገመዱን ይዛ ሳበችው። ቆመች። እንደገና ሳበችው። ቀና ብላ መዘውሩን አየችው፣ ገመዱ ላይ የወረደውን ቅባት ነካች፣ ጣቷንም አየች።

«ምን ቀባኸው?»

«ግራሶ።»

«መቼ?»

«ትናንት» አለ ጠጋኙ።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለምኜህ» አለች ቀስ ብላ፣ «ትናንት?»

ያኔ ሳቀች። ከሐኪም ቤት ከተመለሱ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማትም። ትከሻዋን ይዛ፣ እያመማት፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሁለቱ ወንዶች የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙ። ትንፋሿ ሲመለስላት ወደ ማሳው ጫፍ እያመለከተች፣ «እነሱ የሚያውቁት ጩኸቱን ነው» አለች። «መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከዚያ ውሃ አለ። ከጥጃነታቸው ጀምሮ እንደዚያ ነው። ዝም ካለ ምን ብለው ይመኑህ?»

ጠጋኙ መሰላሉን አቆመ፣ መዘውሩን አወረደ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በጉልበቶቹ መካከል ያዘው። ግራሶውን በጨርቅ ጠረገ። በነጭ ጋዝ አጠበው። በሳሙና ደገመው። ከማድቤቱ አመድ አስመጥቶ ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ሆዱ ውስጥ ሞጀረበት። አርባ ዓመት የተበላሸ ሲያበጅ የኖረ ሰው የበጀውን ሊያበላሽ ተቀመጠ፤ ይህም ሥራ ነውና ያልበዋል። ሰቅለው ሞከሩት፤ ዝም። አወረደው፣ እንደገና አጠበው፣ አመድ ጨመረበት። ሰቅለው ሞከሩት፤ ሲር አለ፤ ጥርስ ግን አያሳክክም። በሦስተኛው ጊዜ ሚስቱ ገመዱን ስትስበው ያ አሮጌ ሲጥታ ግቢውን ሰንጥቆ ወጣ።

ከማሳው ጫፍ ሦስት ራሶች አንድ ላይ ቀና አሉ። ዳለቻ ቀደመች፤ ቦራ ተከተለች፤ ወይዘሮ መሬቱን መናቋን ትታ እየሮጠች መጣች። ሚስቱ ባልዲ የሌለውን ባዶ ገመድ በግራ እጇ፣ በሁለት ጣቷ ትጎትታለች፤ መዘውሩ ይጮሃል፤ ላሞቹ አፋቸውን ገንዳው ውስጥ ከተው ይጠጣሉ። ኳሷ ዝቅ አለች፣ ውሃው ገባ፣ እስኪጠግቡ ድረስ ጠጡ። ወንድሟ ሄዶ የመኪናውን መዝጊያ መልሶ ዘጋው።

«ጋሼ፣ የሰማይዋ ላም ወረደች» አለና ባዶውን መኪና አስነሥቶ ሄደ።

ጠጋኙ ከተቀመጠበት ሊነሣ ሲል ወገቡ አልቃና አለው። ሚስቱ ደህናውን እጇን ሰጠችው። ተያይዘው ገቡ። ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ፤ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት የቀሰቀሰው ሚስቱ ላሞቹን የጠራችበት መዘውር ነው። ሁለት አጫጭር ሲጥታ፣ በቃ። ጠጋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ቀሪውን ጠበቀ፤ አልመጣም። የድሮው እንዲህ አልነበረም፤ ረዥም ነበር፤ ይጀምርና መሐል ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይቀጥላል፤ አርባ ጊዜ። እዚያው አልጋ ላይ ሆኖ ልዩነቱ ገባው። ያሁኑ የብረቱ ድምፅ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሰማው የኖረው የሚስቱ ትከሻ ነበር።

ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮው አልሳበም። ወገቡን ደግፎ ተነሣና ጫማውን ፈለገ፤ በእግሩ ላይ ነበር። ወደ ግቢው ወጣ።